የሳማው ኩፍኝ

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የትኛው በሽታ ስንት ቀን ከትምህርት ቤት እንደሚያስቀር ከማንም በላይ አውቅ ነበር። ቆረቆር ምንም አያስቀርም። ጸጉርሽን ይላጩሻል፣ ቅባት ለቅልቀው በማግስቱ ይመልሱሻል፣ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ አናትሽን እያየ ይማራል። ጉንፋንማ በሽታም አይባል፤ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ዝናቡ ሲጀምር አፍንጫው የማይፈስ ልጅ ካለ መመርመር ያለበት እሱ ነው። ጆሮ ደግፍ ጥሩ ነበር፣ ሳምንት ሙሉ ያስተኛል፣ ግን ጉንጭ ማሳበጥ ከባድ ነው። አንዴ ሁለቱንም ጉንጬን በማስቲካ ሞልቼ ሞክሬዋለሁ። እናቴ "ትፊው" አለችኝ፤ ተፋሁት፤ በሽታው እዚያው አለቀ።

ዓይን ማዝ ሦስት ቀን ያስገኛል። የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻም እሱ ነው።

የሒሳብ ፈተና ጥቂት ቀን ሲቀረው አንዷ የክፍላችን ልጅ ዓይኗ ደም መስሎ፣ ሽፋሽፍቷ ተጣብቆ መጣች። መምህር አይቶ ወደ ቤቷ ሳይመልሳት በፊት መሀረቧን ለመንኳት።

"ምን ያደርግልሻል?" አለችኝ።

"አንቺ ብቻ ስጪኝ።"

መሀረቡ በዕረፍት ሰዓት ከዴስክ ዴስክ ዞረ። ያላጠና ሁሉ እየተቀበለ ዓይኑን ጠረገ፤ አንዱማ ለእርግጠኝነት ብሎ ሁለት ጊዜ ጠረገ። የፈተናው ዕለት ግማሹ ክፍል ባዶ ሆነ። ሁለት ጤነኛ ዓይን ይዛ የተፈተነችው እኔ ነኝ። እንዴት እንዳልያዘኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ያመጣሁትን ውጤት እዚህ አልጽፈውም።

የባዮሎጂ መምህራችን ነገሩን ለማጣራት አንድ ክፍለ ጊዜ አልፈጀበትም። የታመሙት ሲመለሱ ሐሙስ ዕለት ገብቶ "መሀረቡ የማን ሐሳብ ነበር?" ብሎ ጠየቀ። ጣት ሁሉ ወደ እኔ ተቀሰረ፤ ሁለት ጊዜ የጠረገው ልጅ ደግሞ በሁለት እጁ ጠቆመኝ።

"ስሙ" አለ መምህሩ፤ "ዓይን ማዝ ብዙውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ይለቃል። ግን በጣም ያመመው፣ ብርሃን ማየት ያቃተው፣ እይታው የደበዘዘ ካለ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሂድ። የቀራችሁት ደግሞ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ የሰው ፎጣ አትንኩ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ ነገ ወላጅ ይዘሽ ነይ።"

"አባቴ መንገድ ላይ ነው ቲቸር፤ ቡና ጭኖ ከቴፒ አዲስ አበባ ሄዷል።"

"እናትሽስ?"

"ሥራ ይበዛባታል።"

"አውቃለሁ፤ ኮረሪማ የምገዛው ከእሷ ነው። አንቺ ካላመጣሻት ቅዳሜ ገበያ ላይ አገኛታለሁ።"

እዚህ ላይ ስለ እናቴ እጅ መናገር አለብኝ። እናቴ ኮረሪማና ዝንጅብል ትነግዳለች። ከሰኞ እስከ ዐርብ ኮረሪማ ስትፈለፍል፣ ዝንጅብል ስትልጥ የምትውል ሴት ናት። በዚያ እጅ የተመታ ሰው ሕመሙ ቢለቀው እንኳ ሽታው እስከ ማታ አይለቀውም። ስለዚህ እናቴ ቅዳሜ ገበያ መውጣት አልነበረባትም። እንዴት ትቀር? ቤት ተቃጥሎም ቢሆን ከቅዳሜ ገበያ የምትቀር ሴት አይደለችም።

መልሱን ራሷ ሰጠችኝ። ያን ዕለት ማታ እራት ላይ ታናሽ እኅቴን እያጎረሰች "ኬጂው ውስጥ ኩፍኝ ገብቷል አሉ" አለች፤ "አንድ ሁለት ልጆች ቀርተዋል።"

ኩፍኝ! እስከዚያች ሰዓት እንዴት እንዳላሰብኩት።

ምክንያቱም በእኛ ቤት ኩፍኝ እንደ ሌላው በሽታ አይደለም። ኩፍኝ በገባበት ቤት ቡና አይቆላም፣ ሽንኩርት አይቁላላም፣ ሽቶ አይቀባም። ከውጭ የመጣ ሰው ወደ በሽተኛው አይጠጋም። እናትየዋ ከአልጋው ሥር አትለይም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጤና ጣቢያ አይኬድም፤ መርፌ የነካው ኩፍኝ ወደ ውስጥ ይገባል ይባላል። እስቲ አስቡት! እናቴ ጠባቂዬ ናት፣ ገበያ የለም፣ መምህር ደጃችን አይደርስም፣ የሚመረምረኝ ሐኪም የለም። ለእኔ ተብሎ የተሠራ በሽታ ነበር።

ዐርብ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ተነሣሁ። ከሽንት ቤታችን ኋላ የሚበቅል ሳማ አለ። በፌስታል ያዝኩና ግራ እጄን፣ አንገቴን፣ ትንሽ ደግሞ ጉንጬን ዳበስኩበት። ሳማ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በጥርሴ የዩኒፎርሜን ኮሌታ ነክሼ ዞርኩ፣ ዘለልኩ፣ የማላውቀውን ጸሎት ሁሉ ጸለይኩ። ለትኩሳቱ ከትናንት የተረፈ ጎደሬ ነበር፤ እሳት ላይ አሙቄ፣ በነጠላ ጠቅልዬ፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ ግንባሬ ላይ አድርጌ ተኛሁ። እናቴ ልትቀሰቅሰኝ ስትመጣ ጎደሬውን ወደ እግሬ ገፋሁትና አቃሰትኩ።

እጇን ግንባሬ ላይ አድርጋ ወዲያው አነሣችው። "ኧረ በማርያም!" አንገቴን ገልጣ አየች። "ወጣብሽ!"

"ምኑ እማ?" አልኩ፤ ድምፄን ከጉድጓድ እንደሚመጣ አድርጌ።

"ስሙን አትጥሪው። ተኚ ልጄ።"

"ልጄ" ያለችኝ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላስታውስም። እናቴ ሞኝ አይደለችም፤ ገበያ ላይ እርጥብ ኮረሪማ ደረቅ ነው ብሎ የሸጠላት ሰው የለም። ግን ኩፍኝ ሲሆን እናት ናት። የኮረሪማውን ጆንያ አንድ በአንድ ተሸክማ ወደ ጎረቤት ወሰደች፣ ሽታው እንዳይጎዳኝ። የቡና መቁያውን ቆጥ ላይ ሰቀለችው። መስኮቱን በአንሶላ ጋረደች። ከዚያ ታናሽ እህቴን፣ አራት ዓመቷ ነበር፣ ይዛ መጥታ አጠገቤ አስተኛቻት።

"እሷን ለምን?" አልኩ።

"ከእኅቷ ጋር አብሮ ይውጣላት። መድረሱ አይቀር፤ አንድ ጊዜ ጠብቄ ልገላገል።"

እኅቴ አፍንጫዋን ወደ ላይ እየሳበች፣ ትንሽ እየሳለች ገባች። ያን ጊዜ ልብ አላልኩም። አልኳችሁ እኮ፣ በሚዛን አፍንጫው የማይፈስ ልጅ የለም። ወዲያው እግሬ ሥር ጎደሬውን አገኘችው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"መድኃኒት ነው። ለማንም እንዳትናገሪ።"

"ይበላል?"

"ማታ ይበላል።"

ማታ ለሁለት በላነው። በማግስቱ ጠዋት ሳማውን አደስኩ፤ የትናንቱ ሽፍታ በአንድ ቀን ከስሞ ነበርና። ቅዳሜ ገበያው እስከ ቤታችን ድረስ ሲንጫጫ ይሰማኛል፣ እናቴ ከአልጋዬ ሥር ቁጭ ብላ እንዝርት ታሾራለች። መምህሬ ኮረሪማ ሻጯን ፈልጎ ሲያጣ በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሳቅሁ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን መጣች። አጥራችን አንድ ነው፤ የእሷ ቡና ቅርንጫፉ ወደ እኛ ጓሮ ይዘልቃል። ቤንችኛ እየተናገረች ያደገች ሴት ናት፤ አማርኛዋ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፣ ለይሉኝታ የሚሆን ትርፍ ቃል የለበትም። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና ትጠጣለች። እናቴ "የቁላቱ ሽታ በአጥር ይገባል" ብላ ስለለመነቻት ከዐርብ ጀምሮ የቡና ቅጠል እያፈላች ትጠጣ ነበር።

"ቅጠል አይቆላም" አለች፤ ደጁ ላይ ቆማ። "ቡናዬን ያስቀረሽኝ አንቺ ነሽ?"

"ያመመኝ ነኝ እትዬ።"

እናቴ ውኃ ልትቀዳ ወጣች። ጎረቤታችን አንገቷን ብቅ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"ይሄ ኩፍኝ ግራ እጅሽን ብቻ ነው የሚወደው?"

ግራ እጄን ወደ ብርድ ልብሱ ሳብኩ።

"ቀኝ እጅሽ ሥራ ስላለበት ይሆን? ከሽንት ቤታችሁ ኋላ ሳማው ተመልምሏል። ፍየል ሳማ አይበላም።"

"እትዬ፣ በእናትሽ..."

"እናቴን ተያት። እስከ ማክሰኞ ተኚ። ማክሰኞ ግን እቆላለሁ።" ሄደች። ከአጥሩ ወዲያ ብቻዋን ስትስቅ ሰማኋት።

እኅቴ የታመመችው ያን ዕለት ማታ ነው። ታመመች ማለቴ፣ እኔ ተማሪዬ ሆነች ብዬ ነው ያሰብኩት። ጎደሬውን አይታለች፣ ማቃሰቴን ሰምታለች፣ "እማ ራሴን" እያለች መነጫነጭ ስትጀምር በልቤ አደነቅኳት። አራት ዓመቷ ነው፣ እኔን ግን ታስንቃለች! ግንባሯን ብነካው ያቃጥላል።

"ሌላ ጎደሬ የት ደበቅሽ?" አልኳት በጆሮዋ።

ትራሷን አነሣሁ። ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። እግሯ ሥር ዳሰስኩ፣ ከጀርባዋ ዳሰስኩ። ጎደሬ አልነበረም።

እሑድ ዓይኗ ቀላ፣ ሳሉ ባሰባት። እናቴ አልደነገጠችም፤ እንዲያውም ደስ ያላት ትመስል ነበር። "ሊወጣላት ነው" ትላለች፤ "ያንቺም እንዲህ ጀመረ።" የእኔ እንዴት እንደጀመረ የማውቀው እኔ ነኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ጆንያዎቹን አሰብኩ፣ የቀረውን ገበያ አሰብኩ፣ እጇን አሰብኩና ዘጋሁት። ነገ ይሻላት ይሆናል አልኩ። ጉንፋን ይሆናል አልኩ። ለራሴም እየዋሸሁ እንደነበር ዛሬ አይጠፋኝም።

ሰኞ ጠዋት ሳማውን አልነካሁትም። እናቴም ሽፍታዬ መጥፋቱን አላየችም፤ ዓይኗ ከእኅቴ ላይ አልተነሣም። እኔ አጠገቧ ተኝቼ ስለነበር እናቴ ያላየችውን አየሁ። እኅቴ የምትተነፍሰው ሮጣ እንደመጣች ልጅ ነበር፣ ግን አልሮጠችም። አየር በሳበች ቁጥር ከጎድን አጥንቷ በታች ያለው ሆዷ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። የአፍንጫዋ ቀዳዳ ይከፈታል ይዘጋል። ውኃ ሰጠኋት፣ በከንፈሯ ጥግ ፈሰሰ። "ሚጣ፣ ማታ ጎደሬ እንበላለን" አልኳት። ዓይኗን ገለጥ አድርጋ ከደነችው። ጎደሬ ተብላ ያልተነሣችው ያን ቀን ብቻ ነው።

"እማ፣ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት።"

"አብደሻል? ኩፍኝ ላይ መርፌ?"

"ኩፍኝ አይደለም።"

"አንቺ ሐኪም ሆንሽ? ካንቺ ነው የያዛት፤ እንዳንቺ ይወጣላትና ይሻላታል።"

"ከእኔ አልያዛትም። የኔ ኩፍኝ አይደለም እማ። ሳማ ነው።"

እንዝርቷን አቆመች። "ምን?"

"ሳማ ነው። ከሽንት ቤቱ ኋላ። መምህሩ ወላጅ አምጪ ብሎኝ ነው።"

"ትኩሳቱስ? በእጄ ነክቼዋለሁ!"

"ጎደሬ ነው።"

"ትቃዣለች" አለች እናቴ፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ግድግዳው። እውነት ስናገር እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ውሸቴን በአንድ ማቃሰት ያመነች ሴት እውነቴን አልቀበል አለች። ወጥቼ በአጥሩ ላይ ጮህኩ።

"እትዬ! ንገሪልኝ! ሳማ መሆኑን ንገሪልኝ!"

"ሳማ ነው!" አለች ጎረቤታችን ከወዲያ ማዶ። "ቅዳሜ አይቼዋለሁ። ምነው፣ ቡና ልቁላ?"

እናቴ አልጮኸችም። ያ ነው የባሰው። እኅቴን በጋቢ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አደረገቻት፣ ጫማዋን አጠለቀች፣ በእኔ በኩል ስታልፍ "ያንቺ በኋላ ነው" ብቻ አለች።

ዝናብ ነበር። ባጃጁ ቁልቁለቱ ላይ በቀይ ጭቃ እየተንሸራተተ ወሰደን። ጤና ጣቢያው በር ላይ ሰው ሁሉ ጭቃ ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባው፤ እኛም አውልቀን ገባን። አንዲት ወጣት ነርስ ገና ከሩቅ እኅቴን ስታያት ከካርድ ተራው አውጥታ ቀጥታ ወደ ውስጥ አስገባችን። ልብሷን ገልጣ ሰዓቷን እያየች ትንፋሿን ቆጠረች። አንዲት ደቂቃ እንደዚያ ትረዝማለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

"ሳንባዋ ተጎድቷል፤ የሳንባ ምች ነው" አለች። ከዚያ በትንሽ ባትሪ አፏን ከፍታ አየች። ጉንጯን በእንጨት ወደ ጎን ያዝ አድርጋ ጠራችኝ። "ነይ እዪ። ከውስጥ በኩል ነጫጭ፣ እንደ ጨው ፍንጣቂ የሆነ ነገር ይታይሻል? ኩፍኝ ነው። ሽፍታው ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ይወጣል።"

"አይደለም!" አልኩ።

"አንቺ ደግሞ ማነሽ?"

"እኅቷ ነኝ። ኩፍኝ አይደለም፤ የኔ ሳማ ነበር እኮ!"

"ያንቺ ሳማ ከእሷ ኩፍኝ ጋር ምን አገናኘው? ኬጂ ትማራለች?"

"ትማራለች" አለች እናቴ በቀስታ።

"እዚያ ነው የያዛት። ከሳምንት በላይ ሆኗታል ከያዛት። ክትባቱን ሁለቱንም ወስዳለች?"

እናቴ አቀረቀረች። "በሁለተኛው ክትባት ቀን ጉንፋን ነበራትና ሳልወስዳት ቀረሁ። ትልቋ ግን ሁለቱንም ወስዳለች።"

"አይዞሽ እናት። አሁን መርፌ እንጀምርላታለን፣ ለዓይኗም የሚሆን የቫይታሚን ኤ ጠብታ እንሰጣታለን፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል እናስተላልፋለን፤ ኦክስጅን ያስፈልጋታል።"

ጉዴን እዩልኝ! በሕይወቴ አንዴ እውነት ተናገርኩ፣ እሱም ስህተት ሆነ። እናቴ ከቤት የወጣችው ኩፍኝ አይደለም ብዬ ስላልኳት ነው። አሁን ኩፍኝ ነው፤ ከኩፍኝም ጋር መርፌ አለ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ተነሥታ እኅቴን ወደ ጋቢው መለሰች።

"እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር። ቤቴ እወስዳታለሁ።"

"እናት፣ አትችዪም፤ ልጅቷ..."

"ኩፍኝ ላይ መርፌ አላስወጋም! በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው!"

ወደ በሩ ሄደች። እኔ ቀድሜያት ነበር። ምን እንደማደርግ አላሰብኩም፤ እጄ ያወቀውን አደረገ። የእናቴን አንድ ጫማ አነሣሁና ከደጁ ማዶ ወዳለው የቡና ተክል ወረወርኩት። ቅርንጫፍ ላይ ተንጠለጠለ።

"አንቺ! ዛሬ ነው የምገድልሽ!"

"ግደይኝ። በአንድ ጫማ ግን አትሄጂም።"

ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ሳቁ። እናቴ ባዶ እግሯንም ቢሆን ትሄድ ነበር፤ ግን ለአፍታ ቆመች፣ ያቺ አፍታ ለነርሷ በቃቻት። ከኋላዋ መጥታ ክንዷን ያዘቻት፤ ድምፅዋን አላነሣችም።

"ምን አየሽ እናት? ንገሪኝ።"

"የታላቅ እኅቴን ልጅ። ቴፒ። መርፌ በወጉት ማታውኑ ሞተ።"

"ነፍሱን ይማር። መርፌ ከመወጋቱ በፊት ስንት ቀን ቤት ተኛ?"

እናቴ አሰበች። "ስምንት ቀን።"

"በመጨረሻ ለምን አመጣችሁት?"

"መተንፈስ ሲያቅተው ነዋ።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እናቴ ስምንቱን ቀን አንድ በአንድ ስታስበው አየኋት፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ በጋቢው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ፊት አየች። እኅቴ ስትተነፍስ አሁን ድምፅ ታሰማ ነበር።

"ሦስተኛ ቀኗ ነው" አለች እናቴ።

"እኮ። በጊዜ ነው የመጣሽው።"

ተመልሳ አልጋው ላይ አስተኛቻት። "ውጊያት" አለች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች። መርፌው ሲገባ እኅቴ አለቀሰች። ደካማ ልቅሶ ነበር፣ የድመት ዓይነት፣ ግን ከጠዋት ጀምሮ ያሰማችው የመጀመሪያ ድምፅ ስለሆነ እናቴ ደረቷን ይዛ ቁጭ አለች።

ሆስፒታል አምስት ቀን ተኛች። ሽፍታው ረቡዕ ከጆሮዋ ኋላ ጀምሮ ወደ ፊቷ፣ ወደ ሆዷ ወረደ። እውነተኛው ኩፍኝ የእኔን አይመስልም ነበር፤ አፍሬያለሁ። መርፌ ብትወጋም ወደ ውስጥ አልገባም። እናቴ በየቀኑ ጠዋት ሆዷን እየገለጠች ታረጋግጥ ነበር። አምስተኛው ቀን ላይ እኅቴ ዓይኗን ገልጣ "ጎደሬስ?" አለች። እናቴ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባትም። እኔ ነርሶቹ ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከሆስፒታል ስንወጣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ የነገረችንን እናቴ በቃሏ ይዛው ነበር፤ አሁንም ገበያ ላይ ኮረሪማ እየመዘነች ለገዢዎቿ ትለፍፋለች። "ልጅሽ ሲያስላት ሳሉን አትስሚ፣ ትንፋሿን እዪ። ከፈጠነ፣ ጎኗ ከሰረጎደ፣ መጠጣት ካቃታት፣ የጠጣችውን ሁሉ ካስታወከች፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ጠርተሻት ካልነቃች፣ ይወጣላታል ብለሽ አትቀመጪ። ኩፍኝ ቢሆንም፣ ቶንሲል ቢሆንም፣ ወባ ቢሆንም ሩጪ።" ገዢዋ ምርቃቷን ሰጥታ ልትሄድ ስትል ደግሞ ትጠራታለች፤ "ክትባቷንስ ጨርሳለች?" ብላ።

ስለ ቡና መቁላቱ ግን አልተደራደረችም። እውነተኛ ኩፍኝ ነው ተብሎ መቁያው እንደገና ቆጥ ላይ ወጣ። ጎረቤታችን ሌላ ሳምንት ቅጠል ጠጣች። እኅቴ ስትድን ጎረቤታችን የቀረባት ቡና ሁሉ በእኔ እንዲካካስ ተፈረደ፤ ወር ሙሉ ከትምህርት ቤት ስመለስ የእሷን ቡና ስለቅምና ስቆላ ከረምኩ። ጭሱ ዓይኔን ሲያቀላው "መሀረብ ላምጣልሽ?" ትለኛለች። ማን እንደነገራት አላውቅም።

እናቴም ወላጅ ሆና ትምህርት ቤት ሄደች። የባዮሎጂ መምህሩ የመሀረቡን ታሪክ ሲነግራት እኔ የሳማውን ጉድ ከምታውቅ ሴት አጠገብ ቆሜያለሁ። ሰምታው ስትጨርስ "እሱ ብቻ ነው?" አለችው። እጇን በተመለከተ ዝርዝሩ ይቅርብኝ። ሽታው እስከ ማታ ነበር።

ይህ ሁሉ ካለፈ ዓመታት ሆኑ። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፤ እኅቴ አራተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ወር አንድ ሰኞ ጠዋት ከአልጋዋ አልነሣ አለች። ክንዷ ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች ነበሩ።

"ኩፍኝ ነው" አለችኝ።

"አንዴ ይዞሻል። ሁለተኛ አይመጣም።"

"ሌላ ኩፍኝ ነው።"

የስልኬን መብራት አበራሁ። "አፍሽን ክፈቺ።" ጉንጯን አየሁ፣ ምንም የለም። ደረቷን ገልጬ ትንፋሿን ቆጠርኩ፤ ይህን ሳልቆጥር የማለፍ ድፍረት ዛሬም የለኝም። ደህና ነው። ትራሷን አነሣሁ። ቀይ እስክሪብቶ።

"ፈተና አለሽ?"

"ሒሳብ።"

"ዩኒፎርምሽን ልበሺ።"

እየተነጫነጨች ተነሣች። በሩ ጋ ደርሳ ዞረች። "ጆሮ ደግፍ ስንት ቀን ነው?"

"ሳምንት" አልኳት፤ "ግን በማስቲካ አይሆንም።"